ምርቃና ስጠብቅ

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ለፈተና የማጠናው በጫት ነበር። ስለዚህ እዚህ ሜሪላንድ፣ በ34 ዓመቴ፣ ሐኪሜ ኤዲኤችዲ (ትኩረት መሰብሰብ የሚያስቸግር የአንጎል ሁኔታ) አለብህ ብላ ኮንሰርታ የሚባል መድኃኒት ስታዝልኝ በክኒን የመጣ በርጫ መሰለኝ።

ብዙም አልተሳሳትኩም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር አምፌታሚን ለሚባለው አነቃቂ መድኃኒት የቅርብ ዘመዱ ነው። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባል፣ ለትኩረትና ለደስታ የሚሠራ ኬሚካል ይለቀቃል፣ ሥራውን ሲጨርስ ተመልሶ ይሰበሰባል። ኮንሰርታ ውስጥ ያለው ሜቲልፌኒዴት መመለሻውን በር ይዘጋና ዶፓሚኑ ትንሽ እንዲቆይ ያደርጋል። እነ አደራል የሚባሉት ሌሎቹ የኤዲኤችዲ ክኒኖች ደግሞ፣ አምፌታሚን ስለሆኑ፣ ተጨማሪ ገፍተው ያስወጣሉ። ታዲያ ምርቃናው የት ሄደ? ፍጥነቱ ላይ ነው ነገሩ፤ ቀስ ብሎ የሚገባ አያመረቅንም። የኔ ክኒን ጥቂቱን ወዲያው ለቆ የቀረውን ሆድ ውስጥ ሆኖ ቀኑን ሙሉ እየገፋ የሚያወጣ ነው፤ ባዶ ቅርፊቱ ሳይሟሟ ሽንት ቤት ሲወጣ ደንግጬ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን 18 ሚሊግራም ዋጥኩና ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ምንም። ተነስቼ ሰሃን ማጠብ ጀመርኩ፣ ስጨርስ ነው የገባኝ፦ ሁሉም ታጥቧል፣ ውሃው ተዘግቷል፣ መሀል ላይ ስልኬን አላነሳሁም። ሳቄ መጣ።

ከዛ ጥፋቶቼ። ስለማይርበኝ ቁርስ ተውኩ። በዛ ላይ እሑድ አክስቴ ቤት ቡና ተፈላ፣ እሷ ፊት ደግሞ ሲኒ አይመለስም። አቦል፣ ቶና፣ ምንም ቢቀጥን በረካም ጠጣሁ፤ ልቤ ውሻ እንዳባረረው ሰው መምታት ጀመረ። «አንተ ልጅ፣ ከስተሃል፣ እጅህም ይንቀጠቀጣል፣ ምን ነካህ?» አለችኝ። ለሐኪሜ ስነግራት የልብ ምቴንና ደም ግፊቴን ለካች፣ ቡናውንም አስቀነሰችኝ። አሁን ፍርፍሬን ሳልበላ ክኒኑን አልነካም።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ አርፍጄ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ዋጥኩት። 12 ሰዓት ያህል የሚሠራ መድኃኒት ነው እኮ! እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ጣሪያ ሳይ ቆየሁ። ከረፈደ እዘለዋለሁ፣ ይህንንም ሐኪሜን ጠይቄ ነው። በጊዜው ብወስደውም ማታ ኃይሉ ሲያልቅ ብስጭት ይመጣል፣ ሚስቴ ስለምታውቅ ያን ሰዓት የቢል ወሬ አታነሳብኝም።

ጓደኛዬ ለፈተና «አንዷን ወዲህ በል» ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩት። ማካፈል በሕግ ያስጠይቃል፣ የሱን ልብም አላውቀውም። ደግሞ እዚህ አገር ይህ መድኃኒት ሪፊል (በአንድ ማዘዣ ደግሞ መውሰድ) የለውም፣ በየወሩ አዲስ ማዘዣ ነው፤ አንዳንዴ ማዘዣውን ይዤ ሄጄም ፋርማሲው «አልቋል» ይለኛል። ቆጥሬ ነው የምውጠው።

አክስቴ አሁን አቦሉን ብቻ ትቀዳልኛለች። ግን ሲኒው ተለቅ ብሏል።