የፒኤስፒ ስክሪን ኮኔክተር ሲጎዳ

ኅዳር፣ ደብረ ብርሃን

ፒኤስፒ (የሶኒ የእጅ ጨዋታ መሣሪያ) ተከፍቶ ከተገጠመ በኋላ የሚሰማው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ድምፁ አለ፣ ስክሪኑ የለም። ወዲያው «ስክሪኑ ሞቷል» ይባልና አዲስ ስክሪን ፍለጋ አዲስ አበባ ይደወላል። እኔ ስክሪኑን የምጠረጥረው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፍሌክሱ፣ ማለትም ስክሪኑን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ስስ ጥብጣብ ገመድ፣ የሚገባበት ኮኔክተር ነው፤ ከኮኔክተሩም መቀርቀሪያው። እነዚህ ኮኔክተሮች ፋብሪካ ውስጥ አንዴ ተገጥመው እንዲቀሩ ታስበው የተሠሩ ናቸው። አምራቾቻቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚተማመኑባቸው ከ10 እስከ 30 ለሚደርስ መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው። ስለዚህ በጨዋታ ብዛት አይጎዱም፤ የሚጎዳቸው የከፋቹ ጥፍር ነው።

ስለ አሠራሩ ትንሽ ልዘርዝር፣ የጥገናው ምርጫ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነውና። ኮኔክተሩ የፕላስቲክ ቤት አለው፤ በውስጡ በወርቅ የተለበጡ ቀጫጭን የስፕሪንግ ጥርሶች ተደርድረዋል፤ ከላይ ደግሞ ጥቁር ወይም ቡናማ መቀርቀሪያ አለ። መቀርቀሪያው ክፍት ከሆነ ፍሌክሱ ያለ ምንም ግፊት ይገባል። መቀርቀሪያው ሲወርድ ነው ፍሌክሱና ጥርሶቹ የሚጣበቁት። ኤሌክትሪክ በመቀርቀሪያው ውስጥ አያልፍም፤ የእሱ ድርሻ መጫን ብቻ ነው። ያን ጫና በሌላ መንገድ መስጠት ከተቻለ ኮኔክተሩ ሳይነቀል ይሠራል ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ቶሎ ወደ ብየዳ ይሄዳል፤ ቦርዱንም ለአንዲት ፕላስቲክ ሲል ይገድላል።

መቀርቀሪያው ሁሉ በአንድ አቅጣጫ አይከፈትም። አንዱ ፍሌክሱ በሚገባበት በኩል ሽቅብ ይነሳል። ሌላው ከጀርባ በኩል ይነሳል፤ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ይህ ነው፣ ሰው በተለመደው ጎን ሊያነሳው ስለሚታገል። ሦስተኛው አይነሳም፤ ሁለቱን ጫፎች ተራ በተራ በጥቂቱ፣ አንድ ሚሊሜትር በማይሞላ መጠን፣ ወደ ውጭ ይሳባል። ከመንካት በፊት በማጉያ መስታወት ወይም በስልክ ካሜራ አጉልቶ ማየት ነው። የመቀርቀሪያው ማጠፊያ በየትኛው ጠርዝ እንዳለ ከታየ አቅጣጫው ይታወቃል። መክፈቻው ጫፉ የሳሳ የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ስንጥር ይሁን። ወረንጦ ለፍሌክሱ ነው እንጂ ለመቀርቀሪያው አይደለም። ማንሳትም ከመሃል አይጀመርም፤ ከአንዱ ጫፍ ትንሽ፣ ከሌላው ጫፍ ትንሽ።

ከሁሉ በፊት ባትሪው ይውጣ። አብዛኛው ፒኤስፒ በዚህ ደግ ነው፤ ባትሪው ያለ ካቻቢቴ በእጅ ይወጣል። ቻርጀሩ ተነቅሎ ማብሪያው ለጥቂት ሰከንድ ተገፍቶ ይያዝ፤ የተረፈው ቻርጅ ይፈሳል። ኒንቴንዶ ስዊች በሚባለው ሌላ የእጅ ጨዋታ መሣሪያ ላይ ግን ባትሪው ውስጥ ነው። ጀርባው የሚከፈተውም ሦስት ክንፍ ባለው ካቻቢቴ ስለሆነ፣ ተራው መስቀል ካቻቢቴ የብሎኑን ራስ ይበላዋል። እዚያ ከተከፈተ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ የባትሪውን ሶኬት መንቀል ነው። ባትሪ እንደተሰካ የስክሪን ፍሌክስ ማስገባት በጣም አደገኛ ነው። የስክሪኑን መብራት የሚያበራው መስመር ከባትሪው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቮልት ይይዛል፤ ፍሌክሱ ተንጋዶ ከገባ ያ ቮልት ወደ ጎረቤት መስመር ይዘልና ፊውዝ ወይም አይሲ (የቦርዱን ቺፕ) ያቃጥላል።

እዚህ ደጋ ላይ በበጋ አንድ ሌላ ጠላት አለ። አየሩ ደረቅ ነው፣ ብርዱን ደግሞ የምንከላከለው በሱፍ ነው። ባና ላይ ተቀምጦ፣ በርኖስ ወይም የሱፍ ሹራብ ለብሶ ቦርድ መንካት በሰውነት ላይ የተጠራቀመውን ስታቲክ ቦርዱ ላይ ማራገፍ ነው። ውርጭ በጣለበት ጠዋት የበር እጀታ ሲነካ ጠቅ የሚያደርገው ያው ነው፤ ሰው የማይሰማው መጠን እንኳ አይሲ ይበቃዋል። በጥጥ ልብስ፣ በእንጨት ጠረጴዛ ላይ ይሠራ። የእጅ ማሰሪያ ከሌለ በየጊዜው የብረት የውኃ ቧንቧ መንካት ነው። የፕላስቲክ ቧንቧ አይቆጠርም።

ከዚያ ምርመራው። ለዚህ ባትሪው ተመልሶ ይገባል፤ ፍሌክስ ከመነካቱ በፊት ግን እንደገና ይውጣ። ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ በጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ አግድም አብርቶ መመልከት ነው። ከሥር ደብዛዛ ምስል ከታየ ስክሪኑ እየሠራ ነው፤ የጠፋው የመብራቱ መስመር ነው፣ ያም ለብቻው ባለው ትንሽ ኮኔክተር በኩል ይመጣል። ነጭ ሆኖ ከበራና ምስል ከሌለው ደግሞ መብራቱ ደህና ነው፤ የምስሉ ፍሌክስ አልገባም ወይም ተንጋዷል። ቀለም ከተዛባ ወይም መስመር ከተሰመረበት ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ጥርስ አልነካም ማለት ነው። ፍሌክሱ በትክክል መግባቱ የሚታወቀው ጫፉ አጠገብ ያለው መስመር ከኮኔክተሩ አፍ ጋር እኩል ሲተኛ ነው፤ በአንድ ወገን ግማሽ ሚሊሜትር ካዘነበለ ጥርሶቹ ጎረቤታቸውን ይነካሉ።

መቀርቀሪያው ተሰብሮ ጥርሶቹ ሙሉ ከሆኑ ብየዳ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሙቀት የሚችለው ወርቃማው ካፕቶን ቴፕ ነው። አንድ ድርብ (አንድ ንጣፍ ቴፕ) ከነሙጫው አብዛኛውን ጊዜ ወደ 0.06 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። የፍሌክሱ ጫፍ ደግሞ እንደየዓይነቱ 0.2 ወይም 0.3 ሚሊሜትር ነው። ከብረቱ ጥርሶች በተቃራኒው ገጽ፣ ማለትም ማጠንከሪያው ፕላስቲክ ባለበት በኩል፣ አንድ ድርብ ይለጠፍና በምላጭ ከፍሌክሱ ስፋት ጋር እኩል ይቆረጣል። ቀጥ አድርጎ ሲገፋ ትንሽ ተቋቁሞ መግባት አለበት። አሁንም ልል ከሆነ ሁለተኛ ድርብ ይጨመራል። ሦስተኛ አይጨመርም፤ ከዚያ በላይ ከተወፈረ ጥርሶቹ ተለጥጠው ይቀራሉ፣ ያን ጊዜ የቀረው መንገድ መንቀል ብቻ ነው። ከገባ በኋላ ኮኔክተሩ ላይ በልኩ የተቆረጠ ስስ ስፖንጅ ይቀመጥና ሽፋኑ ሲዘጋ እሱ ይጫነው። ስፖንጁ ግን ስክሪኑን ከጀርባው እንዳይገፋው፤ ስክሪኑ ላይ ጥላ የመሰለ ነጠብጣብ ከታየ ወፍሯል ማለት ነው። ትኩስ ሙጫ አፍስሶ ማጣበቅን አልወደውም። ለጊዜው ይሠራል፤ ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው ግን ፍሌክሱን ከነሙጫው ይቀደዋል።

ጥርስ ከታጠፈ በስፌት መርፌ ጫፍ፣ ከሥሩ ሳይሆን ከጫፉ፣ በጥቂቱ ይመለሳል። አንዴ ይታጠፋል፣ ምናልባት ሁለቴ፤ ከዚያ ይቀነጠሳል። የተቀነጠሰ ጥርስ ሁሉ ጉዳት ነው ማለት ግን አይደለም። መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ዳዮድ ላይ አድርጎ፣ ቀዩን መርፌ ግራውንድ (የቦርዱ የጋራ መሬት መስመር) ላይ፣ ጥቁሩን የጥርሱ ብየዳ ላይ ማሳረፍ ነው። ዜሮ አካባቢ ካነበበ ብዙ ጊዜ ግራውንድ ነው፣ ከጎኑም ሌላ ግራውንድ ጥርስ ካለ ያ መስመር ሳይኖርም ሊሠራ ይችላል። ከ0.3 እስከ 0.7 አካባቢ ካነበበ የሚሠራ መስመር ነውና ያስፈልጋል። ምንም ካላነበበ ወይ ከመጀመሪያውም ባዶ ነው፣ ወይ መስመሩ ተበጥሷል፤ ከሌላ ደህና ቦርድ ጋር ማነጻጸር ነው።

መንቀል ግድ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። ሆት ኤር (ትኩስ ነፋስ የሚነፋ የብየዳ መሣሪያ) ያለው ሰው ዙሪያውን በካፕቶን ይሸፍንና መጀመሪያ ከ5 ሴንቲሜትር ያህል ከፍታ ቦርዱን ሁሉ ያሞቃል። የእኛ ክፍል ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በረዶ ስለሆነ ይህ ማሞቅ አይዘለልም፤ የቦርዱ ሰፊው የግራውንድ መዳብ ሙቀቱን ሁሉ ይጠጣዋል፣ ቸኩሎ ከአንድ ቦታ ብቻ የሚያሞቅ ሰው ኮኔክተሩን ያቀልጣል እንጂ ሊዱን (የብየዳውን ቅላጭ ብረት) አያቀልጥም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ለማሞቅ የሚያስብ ካለ ይተወው፣ ሙቀቱ አይለካም። ቀጥሎ 350 ዲግሪ አካባቢ፣ ነፋሱ ዝቅ ብሎ፣ እያዞሩ መስጠት። የፋብሪካው ሊድ እርሳስ የሌለበት ስለሆነ የሚቀልጠው 217 ዲግሪ አካባቢ ነው። አስቀድሞ በካውያ (በብየዳ ማሞቂያው) ባለ 63/37፣ ማለትም 63 ቆርቆሮ 37 እርሳስ የሆነ ሊድ ከቀላቀሉበት ወደ 183 ይጠጋል፣ ሥራውም ይቀላል። ኮኔክተሩ በወረንጦ ሲነካ ራሱ ወዝወዝ ካላለ አይሳብም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ እዚህ ግን የሚፈታው የቦርዱ መዳብ ነው። መብራት መሃል ላይ ከጠፋም እጅን አንስቶ መተው ነው፤ ግማሽ የቀለጠ ነገር አይጎተትም።

ሆት ኤር የሌለው ደግሞ፣ ቤት ውስጥ ለሚሠራ እኔ የማደላለትን መንገድ ይዞ፣ የፕላስቲኩን ቤት በስስ መቁረጫ ቆራርጦ ያወጣና ጥርሶቹን አንድ በአንድ በካውያ ያነሳል። ካውያው 340 ዲግሪ አካባቢ፣ ጫፉ ቀጭን፣ ፔስቱ (ሊዱ እንዲፈስ የሚረዳው ቅባት) በርከት ያለ። መጨረሻ ላይ የሚቀሩት በሁለቱ ጫፍ ያሉት ማሰሪያ ትሮች (ኮኔክተሩን ከቦርዱ ጋር የሚይዙት ብረቶች) ናቸው። እነሱ ግራውንድ ላይ ስለተበየዱ ዘግይተው ይቀልጣሉ፤ ታግሎ ማንሳት እግራቸው ሥር ያለውን መዳብ ይዞ ይወጣል። ቦታው ሊድ በሚመጥ የመዳብ ጥብጣብ ይጸዳል። እሱ ከሌለ ከኤሌክትሪክ ገመድ የተወሰዱ ቀጫጭን የመዳብ ክሮች ፔስት ተቀብተው ያው ናቸው።

አዲሱ ኮኔክተር ሦስት ነገር ይመሳሰል፦ የጥርስ ብዛት፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት፣ ጥርሶቹ ከላይ ወይስ ከታች የሚነኩ መሆናቸው። ርቀቱ ብዙ ጊዜ 0.5 ወይም 0.3 ሚሊሜትር ነው፤ ብዙ ጥርሶችን በአንድ ላይ በገዢ ለክቶ ለክፍተቶቹ ቁጥር ማካፈል ይሻላል። አዲስ ከመፈለግ ከሞተ ፒኤስፒ ቦርድ መውሰድ ይቀላል። ሲገጠም መጀመሪያ ሁለቱ ትሮች ብቻ ይበየዳሉ፣ ጥርሶቹ በማጉያ ይታያሉ፣ ከተስተካከሉ በኋላ ነው በፔስት ካውያውን እየጎተቱ ጥርሶቹን ከቦርዱ ጋር ማያያዝ። ሊድ ከበዛ ወደ ጥርሶቹ ውስጥ ይሰረግና ፍሌክሱ አይገባም። የተነሳ መዳብ ካለ መስመሩ በምላጭ ተፍቆ በ0.1 ሚሊሜትር ባለ ቫርኒሽ ሽቦ ይቀጠላል።

የሞባይል ጥገና ቤት ሆት ኤርና ማይክሮስኮፕ አላቸው። ይህን እርምጃ ለእነሱ መስጠት ነውር የለበትም፤ ግን ቤት ፈትቶ ባዶውን ቦርድ ብቻ መውሰድ ነው። ሙሉውን የሰጠ ሰው ለመፍታትና ለመግጠምም ይከፍላል፣ ብሎንም ጎድሎ ይመለስለታል።

ስለ ማጽዳት፦ ፔስት ጥርስ ውስጥ ከቀረ እንደ ሽፋን ሆኖ መነካካቱን ይከለክላል። ጥሩው 99 በመቶ አይሶፕሮፒል ነው። ፋርማሲ የሚሸጠው አልኮል አብዛኛውን ጊዜ 70 በመቶ ሲሆን የተረፈው ውኃ ነው፤ እዚህ ብርድ ውስጥ ቶሎ አይደርቅምና ባትሪ ከመግባቱ በፊት ቦርዱ ፀሐይ ላይ ወይም በፀጉር ማድረቂያ ለብ ባለ ነፋስ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። የደብረ ብርሃን አረቄ ለእንግዳ ነው፤ ውኃውም ሌላውም ነገር ስላለበት ቦርድ ላይ አይፈስም። ቲነር የኮኔክተሩንና የሽፋኑን ፕላስቲክ ያበላሻል።

ሽፋኑ ከመዘጋቱ በፊት ባትሪው ገብቶ ይሞከር፣ ስክሪኑ በእጅ ተደግፎ፣ ጀርባው ቦርዱን እንዳይነካ ወረቀት ተደርጎበት። ምስሉ ከመጣ ፍሌክሱ አጠገብ በስንጥር በቀስታ መታ መታ ማድረግ ነው፤ ብልጭ ካለ ጫናው አልበቃም፣ መኪና ላይ እየተንቀጠቀጠ ጣርማ በርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሳይደርስ ይጠፋል። ይህ የሚደርስበት ሰው ባትሪውን እንደገና አውጥቶ ሁለተኛውን የቴፕ ድርብ ይጨምር።