400 ፊልም በሽሮ ሜዳ ፀሐይ

ዛሬ ረፋድ ላይ ባለ 400 ፊልም (ቁጥሩ ለብርሃን ያለው ንቃት ነው) የጎረሰውን ፔንታክስ ኬ1000 ካሜራዬን አንግቼ ሽሮ ሜዳ ወጥቼ ነበር። በጠራራ ፀሐይ የታወቀው ስሌት አፐርቸሩን፣ ማለትም የሌንሱን የብርሃን መግቢያ ቀዳዳ፣ ኤፍ 16 አድርጎ ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ ለፊልሙ ቁጥር ማቀራረብ፣ ማለትም 1/500 ሴኮንድ ላይ ማዋል ነው። እኔ ግን አንዲት የባህል ልብስ ነጋዴ የለበሱትን ጥበብ ከኋላቸው ከተሰቀሉት ነጠላዎች ለይቼ ለማውጣት፣ ኋላውን የሚያደበዝዘውን ሰፊ ቀዳዳ ኤፍ 4ን ፈለግሁ፤ አፐርቸሩ በአራት እርከን (እያንዳንዱ እርከን ብርሃኑን እጥፍ ያደርጋል) ሲከፈት ሹተሩም በዚያው ልክ ፈጥኖ 1/8000 መድረስ ሲኖርበት፣ የዚህ ካሜራ ጣሪያ 1/1000 ነው። «እማማ፣ እባክዎ ወደ ጥላው ገባ ይበሉልኝ» አልኳቸው፤ ሳቅ ብለው ገቡ። እዚያ ብርሃኑ ሦስት እርከን ያህል ስለሚቀንስ ኤፍ 4 እና 1/1000 ተስማሙ። የነጠላ ንጣት የብርሃን መለኪያውን ቀስት እንደሚያታልል ስለማውቅ ግን ቀስቱን ሳላምን ተጨማሪ ብርሃን እንዲገባ ሹተሩን ወደ 1/500 ዝቅ አደረግሁት፤ ጥለት ፈዘዝ ቢል ግድ የለም፣ ነጠላ ግራጫ ሆኖ ሲወጣ ግን አልወድም። ለእንዲህ ዓይነቱ ፀሐይ ባለ 100 ፊልም ይሻላል፤ 1/1000 ላይ ሆኖ ኤፍ 5.6 ይፈቅዳል፣ ከተገኘ ማለቴ ነው።