አፈርም ነን፣ ልጆችም ነን

ጌታ ይመስገን። የምንመሰክረው በጸሎት አብረናቸው ከቆምን ሰዎች ሕይወት ደጋግመን ስላየነው መልስ ነው፤ እግዚአብሔር ለሁለት የተከፈለን ሰው አንድ ያደርጋል። በጉባኤ መካከል «የንጉሥ ልጅ ነኝ፣ አሸናፊ ነኝ» የሚል ሰው ቤቱ ሲገባ የሚደክም፣ የሚፈራ፣ የሚቆጣ ሌላ ሰው ይጠብቀዋል። በዚያኛው ስለሚያፍር ወደ ጸሎት ይዞት አይገባም። «ጸለይኩ፣ መልስ አጣሁ» የሚለውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ የጸለየው ግማሹ ብቻ ነዋ።

ችግሩ የሚጀምረው የእግዚአብሔር ልጅ መሆን ሰው መሆናችንን የሚያጠፋ ሲመስለን ነው። ጌታ ኢየሱስ በዮርዳኖስ «የምወደው ልጄ» ተብሎ ከተመሰከረለት በኋላ 40 ቀንና 40 ሌሊት ጾሞ ተራበ። ፈታኙም «የእግዚአብሔር ልጅ ከሆንህ» ብሎ የመጣው በረሃቡ በኩል ነው፤ ልጅ ከሆንህ አትራብ እንደ ማለት። ጌታ ልጅነቱን ለማረጋገጥ አልተጣደፈም። «ሰው በእንጀራ ብቻ አይኖርም» ብሎ እንደ ማንኛችንም በተጻፈው ቃል ላይ ቆሞ መለሰ። እርሱ በባሕርዩ ልጅ ነው፣ እኛ በጸጋ። እርሱ ያላፈረበትን ሥጋ እኛ በምን አቅማችን ነው የምንክደው?

ጳውሎስም በ2ኛ ቆሮንቶስ 12 ከ14 ዓመት በፊት እስከ ሦስተኛው ሰማይ ስለ ተነጠቀ ሰው (ራሱን ማለቱ ነው) ይናገርና፣ ጥቂት ወረድ ብሎ የሥጋው መውጊያ፣ ማለትም ያሠቃየው የነበረ ድካም፣ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ እንደ ለመነ ይጽፋል። መውጊያው አልተወገደም። የመጣለት «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ቃል ነበር፤ ጳውሎስም ይህንኑ መልስ ብሎ ተቀበለው። ራእዩና መውጊያው በአንድ ምዕራፍ፣ በአንድ ሰው ላይ ናቸው። ከሁለቱ አንዱን ቆርጦ የሚያስተምር ሰው ምዕራፉን አላነበበውም ብንል አናጋንንም።

ታዲያ እንዴት ይጸለያል? ለጀማሪ የምንሰጠው መዝሙር 13ን ነው (በአንዳንድ እትም 12 ነው)። ስድስት ቁጥር ብቻ ስለሆነ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች «እስከ መቼ» የሚለውን አራት ጊዜ ይደጋግማሉ፤ እዚያ ላይ ቆሞ የራስን «እስከ መቼ» በድምፅ መናገር ነው። እንቅልፍ ካጣህ እንቅልፍ አጣሁ በል፤ ቂም ከያዝክ የያዝክበትን ሰው በስሙ ጥራ። በቁጥር 3 እና 4 አንድ ልመና ብቻ አቅርብ፣ አሥር አትደርድር። የመታመኑ ቃል የሚመጣው በቁጥር 5 ነው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ በቁጥር 5 ይጀምራል። ያልተነገረው ለቅሶ ግን አይጠፋም፤ ማታ በቤተሰብ ላይ ቁጣ ሆኖ ይወጣል።

ኃጢአትና ድካም ሲደባለቁም ጸሎት ይታወካል። መለያው ጥያቄ ቀላል ነው፦ «በዚህ ነገር የበደልኩት አለ? እግዚአብሔርን ወይስ ሰውን?» ካለ ንስሐ ያስፈልጋል፤ የወሰዱትን መመለስ፣ ያስቀየሙትን ሄዶ ይቅርታ መጠየቅ። «ሰው ነኝ እኮ» ማለት እዚህ ላይ ማምለጫ አይሆንም። ከሌለ ግን ድካም ነው፤ ለድካም ንስሐ አይገባም፣ ዕረፍት ይደረጋል። ነቢዩ ኤልያስ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም። ኤልያስ እንቅልፍ ተኛ፣ በላ፣ ጠጣ፣ እንደገና ተኛ፣ ዳግመኛም በላ፤ «ኤልያስ ሆይ፣ በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ኮሬብ ተራራ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣ ሰው ረጅም ጾም እንዲጀምር አንመክርም።

አዋጅ ማወጅ፣ ማለትም ገና ያላየነውን እንደ ተፈጸመ አድርጎ በእምነት መናገር፣ ክፉ አይደለም፤ የሕመምን ምልክት መደበቅ ግን እምነት አይደለም። «ተፈውሻለሁ» ብሎ መድኃኒት ማቆም ብዙ ሰው ጎድቷል። ፈውስ ከሆነ ሐኪሙም መርምሮ ያየዋል። ራሱን ሊያጠፋ የሚያስብ ሰው ደግሞ ብቻውን አይተው፤ እየጸለያችሁም ቢሆን ዛሬውኑ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

መልሱ ሲመጣ ብዙ ጊዜ በደስታ አይጀምርም። መጀመሪያ እንባ ይመጣል፣ ወይም ደህና እንቅልፍ። ቀጥሎ የምናየው የሚያስገርም ነገር አለ፤ የሰውየው የጸሎት ድምፁና የቤት ድምፁ አንድ ይሆናሉ። በሰው ፊት ሲጸልይ ድምፁን አይቀይርም፣ «ዛሬ ደክሞኛል» ለማለትም አያፍርም። ሁኔታው ሳይለወጥ ይህ ሲሆን አይተናል፤ ለእኛ ይህ መዳን ነው፣ ስለ እርሱም ጌታን እናመሰግናለን።

ቁጥር 5 ላይ መድረስ ያቃተው ሰው አለ። አታስገድዱት። መዝሙር 88ን (በአንዳንድ እትም 87) ስጡት፤ በጨለማ የሚያበቃ ጸሎት ነው፣ መጀመሪያው ግን «የመድኃኒቴ አምላክ» ይላል። የመዝሙር 13ን የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮች አጠገቡ ያለ ሰው በእርሱ ፋንታ ያንብብለት፤ እርሱ «አሜን» ካለ ይበቃል፣ ካላለም ነገ ይነበብለታል።