የቦርሳ አፍ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ደብሮኛል። ገና በ10 ሰዓት ጨልሞ መብራት ማብራት ራሱ ያናድዳል። ታናሽ እህቴ ቦርሳ ላኪልኝ ብላ የጻፈችውን ከፍቼ፣ «አፉ ሰፋ ያለ ይሁን» የሚለው ጋ ስደርስ ሐሳቤ ስክረምቢ ገባ። መልሱ ለነገ ይደር።

ስክረምቢ እንግሊዝ አገር፣ ሊንከንሻየር ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 የሸፊልድ ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስቶች የአንግሎ-ሳክሰን (የጥንት እንግሊዞች) መካነ መቃብር ቆፍረውባታል፤ ከ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ 6ኛው አጋማሽ ያለ ነው። ሴቶቹ ከነጌጣቸው ተቀብረዋል። አንዳንዶቹ ወገብ አጠገብ የዝሆን ጥርስ ቀለበት ተገኘ። የጣት አይደለም፣ የቦርሳ አፍ ነው። ጨርቁ ወይም ቆዳው በስብሶ እሱ ብቻ ቀርቷል።

የዝሆን ጥርስ ከራስ ቅሉ አጠገብ ውስጡ ባዶ ነው፣ ወደ ጫፉ ድፍን እየሆነ ይሄዳል። ባዶው ጋ አግድም በመጋዝ ከተቆረጠ ቀለበቱ ተሠርቶ ይወጣል፤ ስፋቱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር። የቦርሳውን ጠርዝ በላዩ አጥፎ መስፋት፣ ከመቀነት ማንጠልጠል፣ አለቀ። ግን ከአንድ ጥርስ እንዲህ የሰፋ ቀለበት ብዙ አይገኝም፤ እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ከ700 በላይ ተገኝተዋል። ማውጣቱም ጣጣ አለው። ጥርስ እንደ ሽንኩርት በንብርብር ስለሚያድግ፣ ከእርጥብ አፈር ወጥቶ ቶሎ ከደረቀ እየተላጠ ይፈረካከሳል። ስለዚህ ከነአፈሩ ተነሥቶ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው።

ድሮ የማሞት፣ የዚያ ዘሩ የጠፋ ጠጉራም ዝሆን፣ ቅሪት ይሆናል የሚሉ ነበሩ። በሊንከንሻየር ቀለበቶች ላይ የተደረገው የኬሚካል ምርመራ ግን የአፍሪካ ዝሆን ነው አለ፤ ያውም በእሳተ ገሞራ ዐለት ላይ የበቀለ የበላ። ይሄ ወደኛው ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ይጠቁማል። አጥኚዎቹ አክሱምን ማንሣታቸው አልገረመኝም፤ በ6ኛው መቶ ዓመት ኖኖሶስ የተባለ የቢዛንታይን መልእክተኛ ከአዱሊስ ወደ አክሱም ሲጓዝ አውዔ የሚባል ቦታ ላይ 5,000 የሚያህሉ ዝሆኖች አይቷል። ጥርሱ በቀይ ባሕር ሽቅብ ሄዶ፣ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ፣ ስንት እጅ ቀይሮ እዚያች መንደር ደረሰ ማለት ነው።

የቦርሳው ባለቤት ዝሆን የት ታውቃለች! ሱፍ ስትፈትል ነው የምትውለው። እዚያው እንግሊዝ፣ ሳፎክ ውስጥ ዌስት ስቶው በሚባል ቦታ ላይ ወደ 70 የሚጠጉ ጎጆዎች ተቆፍረዋል፤ መሬቱ ጎድጎድ ተደርጎ፣ በሁለቱ ጫፍ ምሰሶ ቆሞ፣ በላዩ ጣሪያ። ሽመናው በዚህ ዓይነት ጎጆ ውስጥ ነበር። የእኛ ሸማኔ ወንድ ነው፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ይቀመጣል፤ እዚያ ሴቷ ቆማ ትሸምናለች። ሁለት ቋሚ እንጨት ግድግዳ ላይ ይደገፋል፣ ድሩ ከላይ ይንጠለጠላል፣ ከታች የታሰሩለት የሸክላ ቀለበቶች ይወጥሩታል። የሸክላዎቹ ክብደት ካልተቀራረበ አንዱ ድር ይላላል፣ ሌላው ይከራል፣ ጨርቁ ይጨማደዳል። ማጉ የሚመታው ደግሞ ወደ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ! ክንዴን ገና ሳስበው ዛለ።

ከሞት በኋላ ነገሩ የአፈር ዕድል ነው። የሳፎክ አሸዋ አሲድ ስላለው አጥንት ይበላል፤ የስክረምቢ አካባቢ ነጭ የኖራ ድንጋይ ግን አጥንቱንም ጥርሱንም አቆይቷል። ኖርፎክ፣ ስፖንግ ሂል ላይ ደግሞ ከ2,000 በላይ ሙታን ተቃጥለው አጥንታቸው በሸክላ ማሰሮ ተቀብሯል፤ ከአጥንቱ ጋር የተቃጠለ የዝሆን ጥርስ ስባሪ ተለቅሞ የገባበት አለ። እሳት ውስጥም ይዘውት ይገቡ ነበር ማለት ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው። ዓለምን ዞሮ የመጣ፣ ቢሰበር ምትክ የሌለው ዕቃ፣ ለምን ለሴት ልጅ አይወረስም? ልጅ አልነበራትም? ወይስ የእናትን ቦርሳ መንካት ነውር ነበር? እኔ ልጇ ብሆን ለቀስተኛው ፊት እዬዬ እያልኩ ቀለበቱን ሹልክ አድርጌ፣ ጨርቁን ብቻ ነበር የምቀብርላት። ይኸው፣ በ1,500 ዓመት ዘግይቼ ውርስ እሻማለሁ።