የት እንዳለ ካልታወቀ ባለቤቴ ጋር ፍቺ የፈጸምኩበት መንገድ

ባለቤቴ ለሥራ ከአገር ከወጣ በኋላ መጀመሪያ የሚልከው ገንዘብ፣ ቀጥሎ ስልኩ ተቋረጠ። ከዓመታት በኋላ ፍቺ ለመጠየቅ ስነሣ ብዙ ሰው «እሱ ሳይቀርብ ከማን ጋር ትፋቺያለሽ?» ይለኝ ነበር። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም፤ የተጠሪው አለመገኘት ጉዳዩን ያረዝመዋል እንጂ አያስቀረውም።

በቅድሚያ መወሰን የነበረብኝ የትኛውን አቤቱታ እንደማቀርብ ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 154፣ አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ሁሉ የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥለት ፍርድ ቤትን መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል፤ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ይህ ውሳኔ ጋብቻን ከሚያፈርሱ ምክንያቶች አንዱ ነው። ነገር ግን ውጤቱ ከጋብቻው አልፎ እስከ ውርስ የሚደርስ ከመሆኑም በላይ፣ የባለቤቴ ደኅንነት በዘመዶቹ በኩል አልፎ አልፎ ይሰማ ስለነበር ለእኔ የሚሆን መንገድ አልነበረም። ያልታወቀው አድራሻው ብቻ ነው። ስለዚህ መደበኛውን የፍቺ አቤቱታ አቀረብኩ። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ስላወጡ በክልል የሚኖር ሰው አስቀድሞ የዚያን ክልል ሕግ ማየት ይኖርበታል፤ የመጥሪያ አደራረሱን የሚገዛው የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን በአገሪቱ ሁሉ አንድ ነው።

ዋናው ሥራ ያለው እዚህ መጥሪያው ላይ ነው። መጥሪያ በተለመደው መንገድ ሊደርስ አለመቻሉን ፍርድ ቤቱ ካመነ በፍርድ ቤቱ ሰሌዳና ተጠሪው በመጨረሻ ይኖርበት በነበረው ቤት እንዲለጠፍ፣ ወይም በጋዜጣ እንዲወጣ ሊያዝ ይችላል። ለማሳመን ያቀረብኩት በቃለ መሐላ የተደገፈ ማመልከቻ፣ ባለቤቴ በቀድሞ አድራሻው እንደማይኖር የሚገልጽ የወረዳ ደብዳቤ፣ እንዲሁም ከዘመዶቹ ማንን መቼ ጠይቄ ምን መልስ እንዳገኘሁ የሚዘረዝር ጽሑፍ ነበር። ዳኛዋ ረጅም ጊዜ የወሰዱት በዚህ ዝርዝር ላይ ነው፤ የጠየቁኝም ባለቤቴ ለምን እንደ ተለየኝ ሳይሆን እንዴት እንደ ፈለግሁት ነበር።

አንድ ወዳጄ የባለቤቴን ወንድም ስም ከዝርዝሩ እንዳወጣ መክሮኝ ነበር፤ ወንድምየው ነግሮት መጥቶ ነገሩን እንዳያጓትተው በመስጋት ነው። ምክሩን አልተቀበልኩም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 78 መሠረት በሌለበት የተፈረደበት ሰው ውሳኔውን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሣለት ማመልከት ይችላል፤ መጥሪያው በአግባቡ እንዳልደረሰው ካስረዳ ደግሞ ጉዳዩ እንደገና ይከፈታል። የምናውቀውን መገኛ ደብቆ የተገኘ ፍቺ ሁልጊዜ በዚህ ሥጋት ሥር ይኖራል፤ በተለይ በመካከሉ ሌላ ጋብቻ ከተፈጸመ መዘዙ ቀላል አይሆንም።

የጋዜጣው ጥሪ ሲወጣ የባለቤቴ ስም እስከ አያቱ በጋብቻ ምስክር ወረቀታችን ላይ እንደ ተጻፈው መሆኑን፣ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ችሎቱንና የቀጠሮውን ቀንና ሰዓት አመሳከርኩ፤ ቀኑ የሚታይበትን ሙሉ ገጽም ከመዝገቡ ጋር አያያዝኩ። በቀጠሮው ቀን ባለመቅረቡ ጉዳዩ በሌለበት እንዲታይ ታዘዘ። ይህ ማለት ግን የጠየቁት ሁሉ ይሰጣል ማለት አይደለም፤ ጋብቻውን በሰነድ፣ የልጄን አስተዳደግ ደግሞ በምስክር ማስረዳት ነበረብኝ። ሕጉ የሚያዘው የማስታረቅ ሙከራ የሚታረቅ ሰው ስለሌለ ብዙም አልቆየም። የንብረት ክፍፍሉን ለብቻው ለማቅረብ አቆየሁት፤ በእኔ አስተያየት በእጁ ያለው ንብረት በውል ሳይታወቅ ክፍፍል መጠየቅ ፍቺውን ከማዘግየት በቀር አይጠቅምም።

ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ማኅተም ያረፈበትን ግልባጭ ይዤ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ሄድኩና ፍቺውን አስመዝግቤ የምስክር ወረቀቱን ተቀበልኩ። ቃለ መሐላውን፣ የወረዳውን ደብዳቤና የጋዜጣውን ገጽ ግን አሁንም አብሬ አስቀምጫለሁ፤ አንቀጽ 78 የሚቆጥረው ወር የሚጀምረው ባለቤቴ ስለ ውሳኔው ካወቀበት ቀን እንጂ ውሳኔው ከተሰጠበት ቀን አይደለምና።