በግ የምገዛበት በር

«ዘንድሮ አጋዘን ላድን ነው» ያልኩ ዕለት ኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ላይ የተሳቀብኝ ሳቅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። አንዱ «መንገድ ላይ በካምሪህ ትገጨው የለ፣ ምን ጥይት ታባክናለህ?» አለኝ። ሌላው ሳቁን ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንተ ጥቁር ሰው፣ ጠመንጃ ይዘህ የፈረንጅ እርሻ ውስጥ? ልጆችህን አስብ እንጂ» አለ። ይሄኛው እየቀለደ አልነበረም። እኔም ሳላስበው ቀርቼ አይደለም።

ልጅ ሆኜ ይፋት ውስጥ ማሽላ ጠብቄያለሁ። ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ማጮህ፣ ወፍ ማባረር፣ ዝንጀሮው በየት በኩል እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቅ፤ ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት የተማርኩት ሙያ ይሄ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜዬ ያለቀው መሪ ጨብጬ ነው። አንድ ቀን አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ፣ እኔ በምኖርበት ሕንፃ ውስጥ ያሉ ጡረተኛ ጎረቤቴ በረዶ የሆነ የአጋዘን ሥጋ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ቀምሼ «ከየት ነው የሚገዛው?» ስላቸው «አይገዛም» አሉኝ። የዱር ሥጋ መሸጥ በሕግ ክልክል ነው፤ ወይ ታድናለህ ወይ ይሰጥሃል። ነገሩ እንዲህ ተጀመረ።

በነገራችን ላይ አጋዘን ስል አገራችን አጋዘን የምንለውን ባለ ጠምዛዛ ቀንዱን አይደለም። የዚህ አገሩ ዲር፣ ሲደነግጥ ጭራውን እንደ ነጭ መሀረብ አንሥቶ የሚፈተለከው፣ ዘሩ ሌላ ነው። ስም ስላላወጣንለት በማይዛመደው ስም እየጠራነው እንኖራለን።

ወረቀቱ አላስቸገረኝም። ቨርጂኒያ ውስጥ ከዚህ በፊት ፈቃድ አውጥቶ የማያውቅ ሰው የአደን ደኅንነት ትምህርት መውሰድ አለበት፤ እሱን ወሰድኩ። የነዋሪ የአደን ፈቃድ 23 ዶላር፣ ለአጋዘንና ለቱርክ ዶሮ የሚጨመረው ሌላ 23 ዶላር። ብርቱካናማ ሰደርያ ገዛሁ። ያገለገለ ጠመንጃም ገዛሁ፤ የሱን ዋጋ ባለቤቴ ይህን ጽሑፍ ልታነበው ስለምትችል እዘለዋለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ጥያቄ የመጣው፤ ይሄን ሁሉ ይዤ የት ልቁም?

ድሃው የሚሄድበት ቦታ አለ። ጆርጅ ዋሽንግተንና ጀፈርሰን የሚባለው ብሔራዊ ደን በ4 ዶላር ተጨማሪ ፈቃድ ለሁሉም ክፍት ነው። የመጀመሪያውን ዓመት እዚያ ጨረስኩት። ሁለት ሰዓት እየነዳሁ፣ በጨለማ ዳገት እየቧጠጥኩ፣ አራት ቅዳሜ ሄጄ ያየሁት የሌላ አዳኝ ጫማ ዱካ ብቻ ነው። ጎረቤቴ ቆይተው ነገሩን አስረዱኝ። ደኑ አርጅቷል፤ ዛፉ ሲያድግ ፀሐዩን ይዘጋና ከሥሩ ለአጋዘን አፍ የሚደርስ ለምለም ነገር አይበቅልም። በቨርጂኒያ በዓመት ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ አጋዘን ይታደናል፤ አብዛኛው ግን ከግል መሬት ላይ ነው። አጋዘኑ አኩሪ አተሩና በቆሎው ጋ ነው ያለው። አኩሪ አተሩ ደግሞ ባለቤት አለው።

ስለዚህ በገንዘብ ሞከርኩ። አንድ የአዳኞች ማኅበር አባል ለመሆን በዓመት 900 ዶላር ጠየቀኝ፤ በዚያ ላይ በውሻ እያሳደዱ የሚያድኑ ናቸው፣ ለኔ የሚሆን ዓይነት አይደለም። ቀጥሎ ኢንተርኔት ላይ አንድ ሰው 80 ኤከር መሬት ለአንድ ወቅት በ600 ዶላር አከራያለሁ አለ። ፎቶ ላከ፣ ካርታ ላከ፣ «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» አለኝ። ግማሹን፣ 300 ዶላር፣ ላክሁ። ቦታውን ላይ በሄድኩበት ቀን ትራክተር የሚነዳ ሰው አስቆመኝና የማን እንግዳ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ስሙን ስነግረው እንደዚያ የሚባል ሰው አያውቅም፤ መሬቱ የራሱ ነው፣ ከአባቱ የወረሰው። ሰውየው ግን ደግ ነበር፤ ፖሊስ አልጠራብኝም። ብዙዎቹ ካውንቲዎች (እንደኛ ወረዳ ማለት ናቸው) የመሬቱን ካርታ ከነባለቤቱ ስም በነፃ ኢንተርኔት ላይ እንደሚያወጡ የነገረኝም እሱ ነው። አምስት ደቂቃ ብፈልግ ኖሮ 300 ዶላሬ ኪሴ ውስጥ ይቀር ነበር። አገር ቤት መሬት ሲከራይ ሽማግሌ የምናስቀምጥ ሰዎች እዚህ ስንመጣ በፎቶ እናምናለን።

ሰውየው ሊሸኘኝ ሲመጣ ዛፎቹ ላይ አንድ ስንዝር የሚሆኑ ሐምራዊ የቀለም መስመሮች አየሁና «ይሄን ሁሉ ዛፍ ልትቆርጠው ነው?» አልኩት። አገር ቤት ግንድ ላይ ቀለም ካየን ዛፉ ተፈርዶበታል ማለት ነው። ሰውየው ሳቀ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሐምራዊ ቀለም «መግባት ክልክል ነው» ማለት ነው፤ ሰሌዳው በነፋስ ስለሚወድቅ በቀለም ተካው። እንደዚያ በተከለለ መሬት ላይ ለማደን የቃል ፈቃድ አይበቃም፣ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ከዚያ በር ማንኳኳት ጀመርኩ። ጎረቤቴ ሥርዓቱን አስተማሩኝ። ኅዳር ሲደርስ አትሂድ፣ በፈረንጆቹ በጋ ሂድ፤ ሲመሽ አትሂድ፤ የአደን ልብስ አትልበስ፤ መኪናህን ከመስኮት በሚታይ ቦታ አቁም፤ ካንኳኳህ በኋላ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለስና እጅህ እየታየ ቁም። የመጨረሻውን ለነጭ ልጅም ይነግሩት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ላንተ ስድስት እርምጃ» አሉኝ።

አሥራ አንድ በር አንኳኳሁ። አንዲት ሴትዮ ከጓሯቸው ቲማቲም በከረጢት ሞልተው ሰጡኝ፤ መሬቱን ግን የእህታቸው ልጅ ነው የሚያድንበት። አንዱ መስኮት ከፍቶ «አይሆንም» ብሎ ዘጋ፣ ጥያቄዬን እንኳ አልሰማም። አንዱ ጋ ውሻው ቀድሞኝ መልሱን ሰጠ። አንድ ወጣት ገበሬ ግን ቁጭ አድርጎ አነጋገረኝ። «አንተን ክፉ ሰው ነህ ብዬ አይደለም፤ የማላውቀው ሰው ጠመንጃ ይዞ ልጆቼ በሚጫወቱበት ሜዳ ማዶ መቆሙን ነው የማልፈልገው» አለኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሳስበው ሐሳቡ የኔም ሐሳብ ነው። እኔ ብሆን አስገባው ነበር? አላስገባውም።

በፈረንጆቹ 2023፣ በነሐሴ፣ ፍልሰታ ሊፈታ ሲል፣ እንደ ወትሮው በግ ልገዛ ኩልፔፐር ካውንቲ ወረድኩ። ሽማግሌው ገበሬ ዘንድ ስድስት ዓመት ሄጃለሁ፤ ለፋሲካ፣ ለፍልሰታ መፍቻ፣ ለእንቁጣጣሽ። እኛ ሐበሾች የምንወደውን በግ ያውቃሉ፤ «ጭራውን አልነካሁትም» እያሉ ያሳዩናል። ያን ቀን በጉን እየመረጥኩ ሳለ ከጋጣው ጀርባ ያለውን አኩሪ አተር ተመለከትኩ። ከጫካው ጋ የሚዋሰነው ዳር ዳሩ፣ ሃያ ሠላሳ እርምጃ ያህል ወደ ውስጥ፣ ጫፉ ተግጦ እንደ ተላጨ ራስ ሆኗል።

«ምን ነካው?» አልኳቸው።

«ዲር ነዋ! እኔ እዘራለሁ፣ እነሱ ያጭዳሉ።» ጉልበታቸው ታሟል፣ ለአደን መሰላል መውጣት ካቆሙ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሲያድን የነበረው የወንድማቸው ልጅ ወደ ቴክሳስ ሄዷል።

እኔ ደግሞ ምን እንደ ነካኝ ስለ አደን አላወራሁም። ስለ ማማው አወራሁላቸው። ልጅ እያለሁ የአባቴን ማሽላ ከዝንጀሮ እንዴት እንጠብቅ እንደነበር፣ እንቅልፍ ይዞኝ አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ጥማድ ሙሉ የተበላብኝን፣ ማታ ከአባቴ የቀመስኩትን። በረቱን ተደግፈው ሰምተው ሲጨርሱ «አሁንም ጠመንጃ መያዝ ትችላለህ?» አሉኝ። ፈቃዴን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው በር ሳንኳኳ እንደ ነበር ስነግራቸው ተናደዱ። «ታዲያ የኔን በር ለምን አላንኳኳህም?»

መልስ አልነበረኝም። በዚያ በር ስድስት ዓመት ሙሉ ገብቼ የወጣሁት በጌን ጭኜ ነው፤ የምፈልገው ነገር እዚያው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ገንዘብ ላውጣ አልኩ፤ 400 ዶላር። እጃቸውን አወዛወዙ። ትሕትና መስሎኝ ልግደረደር ስል ምክንያቱን ነገሩኝ። የቨርጂኒያ ሕግ ባለመሬቱ አዳኝን በነፃ ካስገባ፣ አዳኙ ወድቆ ቢጎዳ ከተጠያቂነት በብዛት ይጠብቀዋል። ክፍያ ከተቀበለ ግን ያ ጥበቃ ይቀርበታል። «ያንተ 400 ዶላር ጠበቃ አያቆምልኝም» አሉ። ከዚያ ወደ ወንዙ በኩል የወደቀውን አጥር በጣታቸው አሳዩኝ።

አጥሩን ሁለት ሰኞ ሠራሁት። ሽቦ መወጠሪያው የሳቸው፣ ወገቡ የኔ። ታክሲ የሚነዳ ሰው ወገብ ምን እንደሚመስል ሙያተኛው ያውቀዋል። ሲያልቅ ኩሽናቸው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ወረቀቱን ጻፍን፤ ስሜ፣ የመኪናዬ ታርጋ፣ ከየትኛው ቀን እስከየትኛው ቀን። ከታች ሁኔታዎቹን በእጃቸው ጨመሩ። ወደ ቤቱና ወደ በጎቹ አቅጣጫ አይተኮስም። መጀመሪያ ሴት አጋዘን፣ ቀንዳሙ ኋላ። ከዋዜማው ስልክ ይደወላል። እንግዳ አይመጣም። ተዘግቶ ያገኘኸውን በር ዝጋ፣ ተከፍቶ ያገኘኸውን እንደ ተከፈተ ተወው። እሑድ እንደማልመጣ ስነግራቸው በግል መሬት ላይ ከፈረንጆቹ 2014 ጀምሮ እሑድም እንደሚፈቀድ አስታወሱኝ። ቅዳሴ አለብኝ አልኳቸው። ይልቅ ያስደሰተኝ ሕጉ እሑድ ከቤተ አምልኮ በ200 ያርድ ውስጥ ማደንን መከልከሉ ነው፤ አውጪው ማን እንደሆነ ባላውቅም ቅዳሴ የሚወድ ሰው ይመስለኛል።

የመጨረሻው ፈቃድ የቤተ ክርስቲያን ነበር። ባለቤቴ «ያልታረደ ሥጋ ቤቴ አይገባም» ብላለች። የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። ዋላና ሚዳቋ ዘዳግም 14 ላይ ከሚበሉት መሆናቸውን አስታወሱኝ። ቀጥለው ዘሌዋውያን 17ን ገለጡና፣ አድኖ የያዘ ሰው ደሙን ያፍስስ፣ በአፈርም ይሸፍነው የሚለውን አነበቡልኝ። «ቢላህን ከጠመንጃህ እኩል አዘጋጅ» አሉኝ። ሌላም ነገር ጨመሩ፤ «ቶሎ በል፣ ጾሙ እየመጣ ነው።»

እውነት ነው። የጠመንጃው ወቅት በፈረንጆቹ ኖቬምበር 18፣ ቅዳሜ ዕለት ተከፈተ፤ ከሳምንት በኋላ ጾመ ነቢያት ይገባል። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ በጨለማ ደርሼ፣ መሰላል ያለው መቀመጫ ላይ ወጥቼ፣ ማሰሪያዬን ከግንዱ ጋር አሰርኩ። ማማ ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በሌላ ክፍለ ዓለም፣ የሌላ ሰው አዝመራ ልጠብቅ ማማ ላይ ተቀመጥኩ። ብርዱ ብቻ ነው የማያመሳስለው። ከነጋ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሦስት ሴት አጋዘኖች ከጫካው ጥግ ወጡ። ትልቋ ሰባ ያርድ ላይ ጎኗን ሰጠችኝ። «በስመ አብ» አልኩና ተኮስኩ። ሠላሳ እርምጃ ሮጣ ወደቀች። ወርጄ አንገቷን ስቆርጥ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ደሙን በጫማዬ አፈር እየገፋሁ ሸፈንኩት። ከቦታዋ ሳላንቀሳቅስ የፈቃዱን ሥርዓት ፈጸምኩ፣ በስልኬም አስመዘገብኩ። ሽማግሌው ተኩሱን ሰምተው በትራክተር መጡ፣ ቁልቁል አይተዋት «አንድ ጆንያ አኩሪ አተር በላች» አሉ።

እንግዲህ ሥጋውን ልብላ ስል ሌላ ነገር መጣ። በዚህ አካባቢ የአጋዘንን አንጎል የሚበላ በሽታ አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው በ2009 ፍሬድሪክ ካውንቲ ነው፣ በ2018 ኩልፔፐርም ታየ። ወደ ሰው ሲተላለፍ አልታየም፤ ቢሆንም የተያዘውን አትብሉ ይላሉ። መንግሥት ባስቀመጠው ማቀዝቀዣ ውስጥ ጭንቅላቱን ከነስምህ ትተዋለህ፣ ምርመራው በነፃ ነው፣ ውጤቱን ትጠብቃለህ። እኔም ሥጋዬን አጥንቱን ለይቼ ፍሪዘር ውስጥ ከትቼ ጠበቅሁ። ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ ሲመጣ ጾሙ ገብቷል።

ስለዚህ ያቺ አጋዘን የተበላችው ለገና ነው። የወረፋው ጓደኞቼ፣ የሳቁብኝ ሁሉ፣ መጡ። አንዱ ጥሬ ቁረጥልኝ ብሎ ቢላ ይዞ ቆመ፤ እንቢ አልኩት። የዱር ሥጋ ውስጥ ምን እንዳለ አይታወቅም፣ ጥሬው ለበሬ ይሁን። ጮማ የሚባል የለውም፤ ባለቤቴ ቅቤውን ሳትሰስት፣ የጥብስ ቅጠልና ቃሪያ ጨምራ ጠብሳ አቀረበችው። ለሽማግሌው ያስቀመጥኩትን ድርሻ ማንም እንዳይነካብኝ ፍሪዘሩ ላይ ስማቸውን ጽፌ ለጥፌያለሁ።

ትሪው ባዶ ሲሆን ያ «ልጆችህን አስብ» ያለኝ ወዳጄ እጁን እየጠረገ ጠጋ አለኝ።

«ስማ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰውየው ሌላ የወደቀ አጥር የላቸውም?»