የቡርጎኝ ነሐሴ፦ በሙቀትና በድርቅ የደረሰ ሻርዶኔ

ፍልሰታ እንደተፈታ ከፓሪስ ተነስቼ፣ ሻርዶኔ የሚባለው ነጭ የወይን ዘር ወደሚበቅልባት የፈረንሳይ አካባቢ፣ ቡርጎኝ ሄድኩ። ጊዜው በፈረንጆቹ 2022 ነው። ባቡሩ እስከ ዲዦን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፣ ከዚያ ወደ ወይን ከተማዋ ቦን ቅርብ ነው። ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለኝም፣ ተኝቼ ነው የሄድኩት።

ስለ መጀመሪያው ሌሊት ግን እላለሁ። 95 ዩሮ የከፈልኩበት ክፍል ጣሪያ ሥር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ማታ እንደ ምጣድ ግሏል። ማራገቢያ ስጠይቅ ሰውዬው «አለ፣ 10 ዩሮ ይጨመራል» አለኝ። በዚያ ሙቀት እንግዳን ንፋስ ማስከፈል ምን የሚሉት ነው? ከፈልኩ፣ ግን እስካሁን ያናድደኛል። እንቅልፍ የወሰደኝ ሊነጋጋ ሲል ነው።

ጠዋት ብስክሌት ተከራይቼ በወይን እርሻዎቹ መሃል ወደ ሳንትኔ የሚወስደውን መንገድ ያዝኩ። ፖማር፣ ቮልኔ፣ መርሶ፣ ከዚያ ፑሊኚ-ሞንራሼ። ጠርሙስ ላይ ብቻ የማውቃቸው ስሞች በየተራ መንደር ሆነው ሲመጡ ደስ ይላል። ነሐሴ ለእኔ ጭቃ፣ ጃንጥላና የተጠበሰ በቆሎ ነው። እዚህ ግን ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፣ ብስክሌቱ የሚያስነሳው አቧራ ነጭ ነው። ሆዴ ባባ። ድርቅ የሚባለውን ነገር ቀለል አድርጎ ማየት አልችልበትም። በዚያ ላይ እዚህ ወይኑን በመስኖ ማጠጣት ደንቡ አይፈቅድም፣ ሥሩ ቆፍሮ ያገኘውን ነው የሚጠጣው።

ፑሊኚ ላይ ባዮዳይናሚክ በሚባለው፣ ሰው ሠራሽ ኬሚካል በማይነካው መንገድ በሚለማ እርሻ ዳር ቆሜ ውሃ ስጠጣ፣ እናቴን የምታክል ሴት ከተክሎቹ መሃል ብቅ አለች። ሠላሳ ዓመት ገደማ ወይን ላይ ሠርታለች። ጠርሙሴ ባዶ መሆኑን አይታ ከራሷ ሞላችልኝ፣ ከዚያ «ነይ ቅመሺ» ብላ አንዲት ፍሬ ሰጠችኝ። ቆዳው ወፈር ያለ ነው፣ ጥርስ ይፈልጋል። ዘሩን መዳፌ ላይ አስተፋችኝና ቀለሙን አሳየችኝ። ቡናማ ሆኗል፣ ስንጥቅ ሲያደርጉት ቀጭ ይላል። አረንጓዴ ከሆነ ገና ነው አለችኝ። ስኳር መለኪያ መሣሪያ ኪሷ ውስጥ አለ፣ የምታምነው ግን ጥርሷን ነው።

ይህ አሠራር የኦስትሪያው ፈላስፋ ሩዶልፍ ስታይነር በ1924 ከሰጣቸው የግብርና ትምህርቶች የመጣ ነው። ፑሊኚ ውስጥ ወይን አምራቿ አን-ክሎድ ለፍሌቭ በ1990 መሞከር ጀምራ በ1997 የቤተሰቧን እርሻ በሙሉ ወደዚህ አዙራዋለች። እበት በላም ቀንድ ተሞልቶ የአውሮፓን የብርድ ወራት አፈር ውስጥ ይከርማል፣ ከዚያ በውሃ ለአንድ ሰዓት ተማስሎ መሬት ላይ ይረጫል። የተፈጨ ኳርትዝ ደግሞ ለሄክታር አራት ግራም ያህል ሆኖ ቅጠል ላይ ይረጫል፣ ብርሃን እንዲስብ ነው ይላሉ። እነ ሴትዮዋ በዚያ ዓመት ግን ኳርትዙን ትተውታል፤ ፀሐዩ በራሱ በዝቷል፣ ቅጠል ይቃጠላል። በምትኩ የካሞማይል ሻይ አፍልተው ረጩ። ቀንዱ ምን ያህል እንደሚሠራ ሳይንሱ አልተስማማበትም፣ እኔም አልከራከርም። አፈሩን ግን በእጄ ነክቼዋለሁ። በተክሎቹ መሃል ያለውን ሣር አጭደው ሳይሆን ተጭነው አስተኝተውታል፤ ከሥሩ እጄን ሳስገባ ቀዝቀዝ ያለ እርጥበት ነበረ። እዚያው አጠገብ ተገልጦ የተተወው መሬት ግን እጅ ያቃጥላል።

ደረቅ ዓመት ጥቅምም አለው። ሻጋታ ስለማይበረታ የመዳብና የድኝ ርጭት ይቀንሳል። ጭንቀቱ ያለው አሲዱ ላይ ነው። ሙቀት ሲበዛ ተክሉ ለፍሬው ኮምጣጣነት የሚሰጠውን ማሊክ አሲድ ያቃጥለዋል፣ ስኳሩ ይወጣል፣ ወይኑ ከባድና ድብን ያለ ይሆናል። ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ደግሞ ቅጠሉ ትንፋሹን ዘግቶ መብሰሉ ራሱ ይቆማል። ስለዚህ ዘለላውን የሚያጠላ ቅጠል አይነቀልም፣ ለቀማውም ጎህ ሲቀድ ይጀምራል፣ ፍሬው ሳይሞቅ መጭመቂያ እንዲደርስ። ትልቁ ውሳኔ ግን ቀኑ ነው። ጥቂት ቀን ቢዘገዩ ያ የሎሚ ጣዕም ይሄዳል። በሰኔ የጣለው ዝናብ ባይኖር ኖሮ ዘንድሮ ምን ይውጠን ነበር አለችኝ።

ቦን ውስጥ የለቀማ ቀን ከ1354 ጀምሮ ተመዝግቧል። ከ1988 ወዲህ ለቀማው ከቀድሞው በአማካይ 13 ቀን ቀድሟል። ይህን ቁጥር ሳነብ ደንግጫለሁ። አንድ ትውልድ የማያልፍ ጊዜ ውስጥ ወደ ሁለት ሳምንት ማለት እኮ ነው!

ማታ አንድ የወይን ጓዳ ውስጥ የ2020 ሻርዶኔ ቀመስኩ። ያም ዓመት ሞቃትና ደረቅ ነበር፣ ለቀማውም ነሐሴ ላይ ነው የጀመረው። እንደ 2003ቱ ሙቀት ወፍራም ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። አይደለም። ኮክ ይሸታል፣ አፍ ውስጥ ግን ስል ነው፣ ምራቅ ያስመጣል። ፑሊኚ ላይ በፀሐይ የቆመችው ሴትና ጓደኞቿ ያተረፉት ይህንን ነው። ሥራቸውን ካየሁ በኋላ ዋጋው ብዙም አልከበደኝም።

ቢሆንም ፑሊኚ ውድ ነው። ከኋላዋ ከፍ ብላ የተቀመጠችው መንደር ሴንት-ኦባን ቀዝቀዝ ትላለች፣ በሙቀት ዓመት ያ ይጠቅማታል፣ ዋጋዋም ይቀላል። እኔ ከዚያ ሁለት ጠርሙስ ገዝቼ ተመለስኩ። የምትሄዱ ካላችሁ መጀመሪያ እሷን ቅመሱ፣ ክፍል ስትይዙ ደግሞ ማራገቢያ መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።